በመዝገብ ያለውን ስለ መጠየቅ

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ነገር ግን ጽሑፉ በመሥሪያ ቤት ሣጥን ተቆልፎ ባለጉዳዩ የማያየው ከሆነ፣ ከተረሳው ቃል በምን ይሻላል? በዚህች አጭር ጽሑፍ ለጓደኞቼና ለወላጆቻችን ላስረዳ የምፈልገው፣ ከከተማ አስተዳደር ሰነድ መጠየቅ መብት መሆኑንና ይህም በምን ሥርዓት እንደሚፈጸም ነው።

ለእኛ ለጎንደሮች መዝገብ እንግዳ ነገር አይደለም። በነገሥታቱ ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ እንደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ባሉ አድባራት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ፣ ከምስክሮቹ ስም ጋራ ይጻፍ ነበር። ማንኛውም ሰው የመንግሥትን ሰነድ ማየት ይችላል የሚለው ሕግ ግን በዓለም መጀመሪያ የወጣው በስዊድን አገር በ1766 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያን ጊዜ በጎንደር ነግሠው የነበሩት ዐፄ ኢዮአስ ናቸው። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግንና የመቀበልን ነፃነት ሰጠ። አፈጻጸሙም በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደነገገ።

እኔ ይህን ነገር በደንብ እንድማር ያደረጉኝ አያቴ ናቸው። በጓሮ ባለው ጌሾ ምክንያት ከጎረቤታችን ጋራ ከተቀያየሙ ሁለት ዓመት ሆኖአቸው ነበር። አያቴ «ወሰናችን ከጌሾው ማዶ ነው» ሲሉ፣ ጎረቤታችን ደግሞ «ጌሾው የተተከለው በመተላለፊያው ላይ ነው» ይሉ ነበር። የቤታችን ፕላን ያለበት ማኅደር በአንድ መሥሪያ ቤት እንዳለ እናውቃለን፤ ሆኖም አያቴ በሄዱ ቁጥር «ነገ ይመለሱ» ይባላሉ። ሦስተኛውን ጊዜ ሲመለሱ «ዝም አይነቅዝም፤ ተወው ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን ስለ አዋጁ በዜግነት ትምህርት ሰምቼ ነበርና፣ «አንድ ጊዜ ማመልከቻ ልጻፍልዎ» ብዬ ለመንኋቸው።

ሥርዓቱም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ሰነዱ በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚገኝ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የይዞታ ማኅደር ካለበት ክፍል የልደት ወይም የጋብቻ መዝገብ ቢጠይቁ ድካም ብቻ ነው፤ እነዚህ ያሉት በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዘንድ ነውና።

ሁለተኛ፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። የጠያቂው ስምና አድራሻ፣ የሚፈለገውም ሰነድ ተለይቶ ይጻፍበታል። «ስለ ቤታችን ያለውን ሁሉ ስጡን» ከማለት፣ «በዚህ ስም፣ በዚህ ቀበሌ፣ በዚህ የቤት ቁጥር የተመዘገበውን ፕላን ቅጂ» ማለት ይሻላል። መጻፍ ለማይችል ሰው ኃላፊው የቃል ጥያቄውን ተቀብሎ በጽሑፍ ማስፈር አለበት።

ሦስተኛ፤ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ፣ በአንደኛው ላይ የመዝገብ ቤቱን የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፎ መያዝ ነው። አዋጁ መልስ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል፤ የገባበት ቀን ካልታወቀ ግን ሠላሳው ቀን ከየት ይቆጠራል? እኛም ቀድሞ ያጎደልነው ይህን ነበር። አያቴ ሦስት ጊዜ የጠየቁት በቃል ብቻ ስለ ነበረ፣ እንደ ጠየቁ የሚመሰክር አንዳች ወረቀት አልነበራቸውም።

አራተኛ፤ ሁሉም ሰነድ አይሰጥም። የሌላ ሰው የግል ምስጢርና የአገርን ደኅንነት የሚጎዳ ነገር ይከለከላል። መሥሪያ ቤቱ ሲከለክል ግን ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። በመልሱ ያልተስማማ ሰው በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል።

ማመልከቻችን በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን የፕላኑ ቅጂ ተሰጠን። አያቴና እኔ ጓሮ ወጥተን በሜትር ለካን። ጌሾው ያለው በመተላለፊያው ላይ ሆኖ ተገኘ፤ እውነቱ የጎረቤታችን ነበር። እኔ በጣም አፈርሁ፤ ማመልከቻውን የጻፍሁት አያቴ እንዲረቱ እንጂ እንዲረቱበት አልነበረምና። እሳቸው ግን ወረቀቱን አጥፈው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄዱ። የተባባሉትን አልሰማሁም። በማግሥቱ ግን ጎረቤታችን እኛ ቤት ቡና ሲጠጡ አየኋቸው፤ ጌሾውንም ቆርጠው ለሁለት ተካፈሉት።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ መዝገብ የሚጠየቀው ለመርታት ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት ያጣላን ነገር መልሱ በአንድ ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ወላጆቻችን «ነገ ይመለሱ» ተብለው አዝነው ወደ ቤት ሲገቡ፣ እኛ ማንበብና መጻፍ የተማርን ልጆቻቸው ወረቀትና ብዕር አንሥተን እንቀመጥ፤ ቀኑንም መጻፍ አንርሳ።