ከአሶሳ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ ሽጎሌ

አሶሳ ላይ ታኅሣሥ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ደጅ የሚመሽበት ወር ነው። አዲስ አበባ ግን በዚሁ ወር ጠዋት ጠዋት ጆሮ ትቆነጥጣለች። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ በ1500 ሜትር ከፍታ ገደማ ስትገኝ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ልዩነቱ የሚገባው ጋቢ ረስቶ ለመጣ እንግዳ ነው። ያም ሆኖ ከተማን በእግር ለማየት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ዝናቡ አባርቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይጣፍጣል። በነቀምት በኩል የሚያልፈው መንገድ በጸጥታ ችግር ምክንያት ዓመታት ሲያስጨንቀን ስለኖረ፣ ከአሶሳ አዲስ አበባ መምጣት ለብዙዎቻችን ለአውሮፕላን ቲኬት ገንዘብ የሚያስቆጥብ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ እንደልብ አይመጣም። አሁን ሦስት ቀን አገኘሁና ሦስቱንም ፒያሳ አዋልኳቸው።

የጀመርኩት ከጊዮርጊስ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቼ፣ በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የምኒልክን ሐውልት አልፌ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ወደተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ወረድኩ። ዱሮ በዚህ በኩል መሄድ ማለት ከመኪና ጋር እየተጋፉ፣ ዓይንን ከጉድጓዱ ሳይነቅሉ መሄድ ነበር። አሁን የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ በንጣፍ ድንጋይ ተለብጧል፤ መቀመጫ አለ፣ አበባ አለ፣ ማታ መብራት አለ። አንዲት እናት ልጇን በጋሪ እየገፋች ስትሄድ አየሁ። ያቺን ጋሪ ቀላል ነገር አድርጌ አላያትም። መሄጃ ያጣ እግረኛ የኖረበት ከተማ ለእግረኛ ሲራራ ማየት ደስ ይላል፤ ደስታዬን የምሸሽግበት ምክንያት የለኝም።

ፒያሳ ግን ይህን መንገድ ባሰፋው የኮሪደር ልማት የተጀመረች ሰፈር አይደለችም፤ ሲያነሧትና ሲጥሏት ኖረዋል። መጀመሪያ አራዳ ነበረች፤ የከተማዋ ትልቁ ገበያ እዚሁ ጊዮርጊስ ሥር ይቆም ነበር። ጣሊያን ሲገባ ገበያውን ወደ ምዕራብ አሽሽቶ መርካቶን ፈጠረ፣ ለአራዳም የራሱን ቃል ፒያሳን ትቶላት ሄደ። ወራሪው ተባረረ፤ ስሙ ግን ቀረ፣ ሕዝቡም የራሱ አደረገው። ከዚያ ወርቅ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ኬክ ቤቱ መጣና ፒያሳ ዘመናይነት የሚለካባት ሰፈር ሆነች።

ቀጥሎ ያለውን ሳናውቅ የዛሬውን ማፍረስ ልንረዳው አንችልም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ ረክሶ የቀበሌ ቤት ለድሃው መጠለያ ሆነ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ችግሩ በዚያ ኪራይ ጣሪያ መቀየር አለመቻሉ ነው። ቀበሌው ገንዘብ አልነበረውም፤ ተከራዩም የእሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ አይደፍርም። ቤተሰብ ሲበዛ ቆጥ ተሠራ፣ ጓሮው ላይ በቆርቆሮ ተቀጠለ፣ ደባል ገባ። ጭቃው ከውስጥ ሲበላ፣ እንጨቱ ሲጎብጥ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ቀረበ። ሰፈሩ ያረጀው ነዋሪው ንጽሕና ስለማይወድ ነው የሚለኝ ሰው ካለ በፍጹም አልቀበለውም።

ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ የፈረሰው ጎስቋላ ቤት ነው፤ እውነት ነው። አብሮ የፈረሰው ደግሞ ጎስቋላው ቤት አቅፎት የኖረው ነገር ነው፦ ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ «ልጄን እያት፣ መጣሁ» የሚባባሉት ጎረቤታሞች፣ በሰው ብዛት የሚኖረው ጉልት። ነዋሪው ምትክ ቤት እየተሰጠው ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ሄደ። ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ስትወጣ ያገኘኋት አንዲት እናት አሁን የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው።

«ቤቱስ እንዴት ነው፣ እማማ?» አልኳት።

«ቤቱ ጥሩ ነው ልጄ። ውኃው ቤት ውስጥ ነው፣ ሽንት ቤቱም የራሴ ነው። ቡናው ነው እንጂ የከበደኝ፤ አፍልቼ ማንን ልጥራ?»

አዲሱን መንገድ እንዴት እንዳየችው ስጠይቃት አምሮበታል አለችኝ፤ ከልቧ ነው። ከዚያ ታክሲ ስለሚርቅባት ፈጠን ብላ ሄደች።

ያልፈረሰው ላይ ብዙ ቆየሁ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ። ጣይቱ ሆቴል አለ፤ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት የነበረው የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል፣ ዛሬም የእንጨት ወለሉ ከእግር በታች ይንቋቋል። እዚያ በረንዳ ላይ ሻይ ይዤ ስቀመጥ አዲሱ ንጣፍ ያላስተማረኝን ተማርኩ፦ እንግዳን የሚያቆየው የሚሰማው ታሪክ ያለው ቤት ነው። ጎዳናው ወደዚያ ቤት ያደርሳል።

በሦስተኛው ቀን የታክሲ ረዳቱ «ሽጎሌ! ሽጎሌ!» ሲል ሰማሁ። ስንቱ ተሳፋሪ ያውቅ ይሆን? ሽጎሌ የእኛ አገር ሰው ስም ነው። ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የአሶሳ ገዥ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ቤኒሻንጉልን ለምኒልክ ካስገበረ በኋላ ሼሁ አዲስ አበባ ተይዘው ቆዩ፤ ቆይቶም ገዥነታቸው ጸናላቸው። ግብሩ ወርቅ ነበር። ጉለሌ ውስጥ ቤት ሠሩ፣ ሰፈሩም በስማቸው ተጠራ፤ የሕዝብ አፍ ሲያሳጥረው ሼህ ሆጀሌ ሽጎሌ ሆነ። ይህን የምናወሳው በኩራት ብቻ ሊሆን አይገባም። የዚያ ዘመን ሀብት ከወርቅ ጋር የባሪያ ንግድም ነበረበት፤ ተፈንግለው የተሸጡት ደግሞ የዚያው ምድራችን ልጆች ናቸው። የሼሁን ቤት ማየት ለእኔ ያንንም ማየት ነው። ቤት ሲፈርስ መልካሙም ክፉውም ትውስታ መጠለያ ያጣል፤ የከተማ አዳሾች ይህን ቢያስቡበት ስል እለምናለሁ። የቅርስ መዝገብ ላይ መስፈር ብቻውን ጣሪያ አይጠግንም።

ይህ ሁሉ ለአሶሳ ምኗ ነው? የኮሪደር ልማት አሶሳም ገብቷል። ከተማችን ወጣት ናት፤ ጣይቱ ሆቴልን የሚያህል ሕንፃ የላትም። ያላት ሌላ ነው። በየግቢውና በየመንገዱ ዳር የቆመው ማንጎ አለ፣ ከቀርከሃ የሚሠራው አጥርና ዕቃ አለ፣ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ጋር ስንለዋወጠው የኖርነው የሻይና የቡና ልማድ አለ፣ በበዓል ቀን በርታዎች የሚነፉት ዋዛ የተባለ የሙዚቃ መሣሪያ አለ። በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በዚያው ድንበር ተሰደው የመጡም አሉ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ወደ ክልላችን ብቅ የሚል እንግዳ እንደሚበዛ ተስፋ አለን። እንግዳው አስፋልትና መብራት በየከተማው ያገኛል። አሶሳ ላይ የሚፈልገው አሶሳን ነው። ጎዳናው ይስፋ፤ ግን የማንጎው ጥላ ከነባለሻይዋ በፕላኑ ላይ ይሰመር። ዛፍ እንደ ንጣፍ በሳምንት አይተከልም።

በተመለስኩ ማግስት ወደ ደንበኛዬ ሻይ ቤት ሄድኩ። ሻይ ቤት ማለት አንድ ከሰል ምድጃ፣ ስድስት በርጩማና አንድ ማንጎ ነው። ባለሻይዋ አዲስ አበባ እንዴት እንደሆነች ጠየቀችኝ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ መብራቱ ነገርኳት።

«የሚቀመጡበትስ አለ?» አለች።

«አለ።»

«ጥላስ?»

የተተከሉት ገና ትንንሽ ናቸው አልኳት። ፀሐይዋ ዞር ብላ ስለነበር በርጩማዬን ወደ ግንዱ አስጠጋችልኝ።