ስለ ደጅ ቤተ መዘክርና ልጆችን ወደዚያ ስለ መውሰድ

ቤተ መዘክር የሚለው ቃል «ዘከረ» ከሚለው ከግዕዙ ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም የመታሰቢያ ቤት፥ ይኸውም የቀደመው ነገር እንዳይረሳ የሚያሳስብ ቤት ማለት ነው። በአገራችን ይህ ስም ሳይሰማ ሥራውን ይሠራ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው፤ አክሊሉና መስቀሉ፥ የብራናው መጽሐፍና የነገሥታቱ ስጦታ በዚያ ይጠበቅ ነበርና፤ ዛሬም ይጠበቃል። ነገር ግን ዕቃ ቤት የሚጠብቀው የተከበረውን ዕቃ ነው። የገበሬው ሞፈር፥ የእናቲቱ እንስራ፥ የማር ቆራጩ ቀፎ በዚያ ስፍራ አላገኙም፤ ተሠሩ፥ አገለገሉ፥ ተሰበሩ፥ ተጣሉ።

ይህን ጉድለት ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ አርቱር ሐዜሊዩስ የሚባል የስዊድን አገር መምህር ነበር። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. ዳላርና በሚባለው አውራጃ ሲዘዋወር፥ የባላገሩ ልብስና የቤቱ ዕቃ ከፋብሪካ በሚመጣ አዲስ ነገር እየተተካ ሲጠፋ አየ። መጀመሪያ ዕቃውን ሰበሰበ፤ ኋላ ግን ዕቃው ያለ ቤቱ፥ ቤቱም ያለ ደጁ ምሉእ ትምህርት እንደማይሰጥ ዐወቀ። ስለዚህ በ1891 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ ስካንሰን የተባለውን የደጅ ቤተ መዘክር ከፈተ። ከየአውራጃው የመጡ አሮጌ ቤቶች በዚያ ኮረብታ ላይ እንደ ነበሩ ሆነው ተተከሉ፤ ቍጥራቸውም 150 ያህል ነው። በቤቶቹ ውስጥ የጥንቱን ልብስ የለበሱ ሰዎች እንጀራቸውን ሲጋግሩ፥ ሱፍ ሲፈትሉ፥ ብርጭቆ ሲነፉ ይታያሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ይህን ሥራ ተከትሏል፤ በአፍሪካም በኒጀር ዋና ከተማ በኒያሜ በ1959 ዓ.ም. የተከፈተው ቤተ መዘክር የየነገዱን ቤት በግቢው ሠርቶ ሠራተኞቹን ከነመሣሪያቸው አስቀምጧል፤ በናይሮቢም የኬንያ ሕዝቦች የመንደር አሠራር የሚታይበት ቦማስ በ1971 ዓ.ም. ተቋቁሟል።

እንዲህ ያለው ስፍራ ለልጆች የሚስማማበት ምክንያት ግልጥ ነው። ልጅ በመስተዋት ሣጥን የተዘጋውን ዕቃ አንድ ጊዜ አይቶ ያልፋል፤ መንካት የተከለከለ ነውና። ወደ ጎጆ በገባ ጊዜ ግን ጢሱ ዓይኑን ይቈጠቍጠዋል፤ በሩ ለምን ዝቅ እንዳለ፥ ጣሪያው ለምን እንደ ጠቈረ ሳይነግሩት ይጠይቃል። የጠየቀ ልጅ ደግሞ መልሱን አይረሳም።

በእኛ በደቡብ ምዕራብ በቡናው አገር እንደ ስካንሰን የታጠረ ግቢ አልተሠራም። በቦንጋ የቡና ብሔራዊ ቤተ መዘክር ቆሟል፤ መምህር ደቀ መዛሙርቱን ወደዚያ ቢወስድ መልካም ያደርጋል። ይሁን እንጂ ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ፥ ከሚዛን ተፈሪም ወደ ቴፒ የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሰው፥ አገሩ ራሱ የደጅ ቤተ መዘክር መሆኑን ያያል። ቡና ሰው ሳይተክለው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት ደን እዚህ ነው። ዩኔስኮም የከፋን ደን በ2010፥ የሸካን ደን በ2012፥ የማጃንግን ደን በ2017 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ሰውና ደን ተስማምተው የሚኖሩባቸው ጥብቅ ስፍራዎች ብሎ መዝግቧቸዋል።

ልጆችን አስቀድሞ ወደ ደኑ ቡና መውሰድ ይገባል፤ ቀጥሎ በሚዛን ተፈሪ አቅራቢያ ወዳለው ወደ በበቃ እርሻ። በደኑ ዛፉ ቀጭንና ረዥም ሆኖ ብርሃን ይፈልጋል፤ በእርሻው ግን በመስመር ቆሞ ይጠብቃል። ሁለቱን ያየ ልጅ እርሻ ምን እንደ ሆነ ያለ ብዙ ቃል ይረዳል። ጊዜው የለቀማ ወራት ከሆነ ቀዩን ፍሬ በእጁ ይፈልቅቀው፤ ሁለቱን ፍሬ ፊት ለፊት ተያይተው ያገኛቸዋል፤ አልፎ አልፎም ብቻውን የተቀመጠ ድቡልቡል ፍሬ ቢያገኝ ለጓደኞቹ ያሳያል። በቴፒም የእርሻ ምርምር በሚደረግበት ስፍራ ቁንዶ በርበሬ እንደ ሐረግ በዛፍ ላይ ሲወጣ ማየት ይቻላል፤ በገበያ የሚያውቀው ጥቍር ፍሬ አረንጓዴ ሆኖ በዘለላ መንጠልጠሉ ልጁን እጅግ ያስደንቀዋል።

ወደ መንደርም ሲገቡ የሚታየው ብዙ ነው። እንሰቱ በቀርከሃ መፋቂያ ሲፋቅ፥ በጕድጓድ ተቀብሮ ሲብላላ፥ ከዚያ ቆጮ ሲሆን፤ ቀፎው ከዛፍ ጫፍ ተሰቅሎ፥ ማር ቆራጩ በገመድ ሲወጣ፤ ጨሞ የሚባለው የቡና ቅጠል መጠጥ ከቅመም ጋራ ሲፈላ። ፍሬውን ለገበያ ሰጥቶ ቅጠሉን የሚጠጣ ሰው በመኖሩ የከተማ ልጅ ይደነቃል። ለመደነቅ እንጂ ለመሣቅ እንዳይሆን መምህሩ ይጠንቀቅ።

እዚህ ላይ በስካንሰንና በእኛ አገር መካከል ያለውን ልዩነት ማሰብ ያስፈልጋል። የስካንሰን ቤት ባለቤቱ የተለየው ቤት ነው፤ የፈለገ ይገባበታል። የእኛ ጎጆ ግን ሰው የሚኖርበት ነውና ማንም እንደ ቤተ መዘክር ዘው ብሎ አይገባም። አስቀድሞ መልእክት ይላካል፤ በደጅ ሆኖ ሰላምታ ይሰጣል፤ «ይግቡ» ሲባል ይገባል። ሥዕል ማንሳትም ከፈቃድ በኋላ ነው። ሥራዋን አቋርጣ ለልጆች የምታሳይ እመቤትም የቀንዋ ዋጋ ሊሰጣት ይገባል።

ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ገና ነው። በዚህ አገር ስለ ቡና ክብር የማይናገር የለም፤ ስለ ቡናም የሚናገር ሁሉ ጀበናዋን ያወድሳል። ጀበናዋን የሠራችው ሴት ግን በብዙ መንደር የጎረቤት ደጃፍ አትረግጥም፤ ከእርስዋ ጋራ በአንድ ማዕድ የሚቀመጥ፥ ልጅዋንም ለልጁ የሚያጭ አይገኝም ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ብረት ቀጥቃጩም፥ ቆዳ ፋቂውም እንዲሁ ነው። በከፋና በሸካ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች በአደንና በደን ሥራ የኖሩ ናቸው፤ ባመጡት እንጨትና ከሰል የሚሞቀው ጎረቤት ለብዙ ዘመን ከማዕዱ አገለላቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በእጁ ሥራ የሚሰድብ እንዲቀጣ አዘው ነበር፤ አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አለፈ፤ ስድቡ ግን በልጆች አፍ ሳይቀር አሁንም ይሰማል።

በመስተዋት የተዘጋ ጀበና ስለዚህ ነገር ምንም አይናገርም። ልጁ «እንዴት ያምራል!» ብሎ ይወጣል፤ ሠሪዋንም በመንገድ ቢያገኛት ይሸሻታል። የደጅ ቤተ መዘክር የሚበልጠው እጁን ከዕቃው ጋራ አንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው። ስለዚህ መምህር ልጆቹን ወደ ሸክላ ሠሪዋ ደጅ በወሰደ ጊዜ እርስዋን እንደ ትርኢት አያቁማት፤ በመምህር ወንበር ያስቀምጣት፥ ልጆቹም በዙሪያዋ ይቀመጡ። ጭቃው ከየት እንደሚቈፈር፥ ከምን አሸዋ ጋራ እንደሚለወስ፥ ለምን በጥላ እንደሚደርቅ፥ በስንት እንጨት እንደሚተኰስ ከአፍዋ ይስሙ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ጭቃ ይሰጠው። የጀበናን አንገት ለማውጣት የሞከረ ልጅ ሦስት ጊዜ ከፈረሰበት በኋላ ሴቲቱን በሌላ ዓይን ያያታል። ጀበናውም በእሳት ተተኵሶ በወጣ ጊዜ ቡናው በዚያው ደጅ ይፈላ፤ መምህሩም አስቀድሞ ከእጅዋ ተቀብሎ ይጠጣ፤ ልጆች የሚመለከቱት ይህን ነውና።

ምናልባትም ከነዚያ ልጆች መካከል እናትዋ ሸክላ ሠሪ የሆነች፥ ይህንም በክፍል ውስጥ ሰውራ የምትኖር አንዲት ልጅ ትኖራለች። መምህሩ በስምዋ ጠርቶ አያጋልጣት። ዝም ብሎ ይጠብቅ፤ ጭቃው ሲታደል የእጅዋ አያያዝ ይገልጣት ይሆናል፤ እርስዋም ሳትታዘዝ ለጎረቤትዋ ታሳይ ይሆናል።

ወደ ትምህርት ቤት በተመለሱ ጊዜ እያንዳንዱ ያየውን ቤት ወይም ዕቃ ይሣል፤ በአጠገቡም የክፍሎቹን ስም፥ ምሰሶውን፥ ማገሩን፥ ምድጃውን፥ የቀፎውን አፍ በእናቱ ቋንቋ፥ በቤንችኛ ወይም በሸክኛ፥ በከፍኛ ወይም በማጃንግኛ ይጻፍ። ብዙዎቹ ጥቂቱን ስም ብቻ ያውቃሉ። ባዶ የቀረውን መስመር መምህሩ አይሙላው፤ ልጁ ወረቀቱን ይዞ ማታ ወደ አያቱ ይሂድ።