ከአዘዞ የሚነሳው መንገደኛና የቢሾፍቱ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ

በጎንደር ከተማ በጉዞ አገልግሎት የተሰማሩ ባለሙያዎች የደንበኛቸውን የውጭ ጉዞ የሚያሰሉት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየቆጠሩ ነው፤ በቅድሚያ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚሄደው አውሮፕላን የሚነሳበት ሰዓት ይታያል፣ ከዚያ በቦሌ ለፍተሻ፣ ለፓስፖርት ቁጥጥርና ከአንዱ በረራ ወደ ሌላው ለመሸጋገር የሚያስፈልገው ጊዜ ይቀነሳል፣ በመጨረሻም ከአዘዞው የአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳ ተስማሚ በረራ ይመረጣል። ይህ ስሌት እስከ ዛሬ ሳይቸግር የተሠራው የአገር ውስጡም ሆነ ዓለም አቀፉ በረራ በአንድ ግቢ ስለሚስተናገድ ነው። ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ግንባታው በይፋ የተጀመረው የቢሾፍቱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ሲጀምር ግን ስሌቱ ከመሠረቱ ስለሚለወጥ፣ ጉዳዩ የአዲስ አበባና የቢሾፍቱ ነዋሪዎች ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

አዲስ ማረፊያ ማስፈለጉ የሚያከራክር አይደለም። ቦሌ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከልደታው ሜዳ አገልግሎቱን ሲረከብ ከከተማው ዳር የነበረ ስፍራ ሲሆን፣ ዛሬ በመኖሪያ መንደሮች፣ በሆቴሎችና በአውራ መንገዶች ተከቧል፤ ዓመታዊ አቅሙም ወደ 25 ሚሊዮን መንገደኞች ገደማ ነው። ከተማ የከበበው ማረፊያ ተጨማሪ መንደርደሪያ፣ ማለትም አውሮፕላን ለመነሳትና ለማረፍ የሚሮጥበት ጥርጊያ፣ የሚሠራበት መሬት ያጣል፤ በዙሪያው ያለው ሕዝብም ከድምፁ ጋር ይኖራል፣ የሕንጻዎቹም ቁመት ለበረራው ደኅንነት ሲባል ይገደባል። ይህ ለጎንደርም የቅርብ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከተማዋ በሰሜን በኩል በተራሮች የተያዘች በመሆኗ የምትሰፋው በአብዛኛው ወደ ደቡብ፣ ወደ አዘዞ ስለሆነ፣ በመንደርደሪያው ሁለት ጫፎች ያለው መሬት ከአሁኑ በከተማ ፕላን ካልተከለለ የቦሌ ዕጣ በአነስተኛ መጠን አዘዞ ላይ መድረሱ አይቀርም።

ሌላው ምክንያት ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የአየር መጠን፣ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሳው፣ ሞተርም የሚገፋው በአየር አማካይነት በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ወይ ረጅም ርቀት መንደርደር፣ አለዚያም ነዳጁን ወይም ጭነቱን መቀነስ ይኖርበታል። የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ርዝመት እያለው እንኳ ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱት በረራዎች እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች ነዳጅ ለመሙላት ሲያርፉ የኖሩት፣ በመልሱ ጉዞ ግን በቀጥታ የሚመጡት በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ለአዲሱ ማረፊያ የተመረጠው የአቡሴራ አካባቢ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከቦሌም 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከሙሉ ነዳጅና ጭነት ጋር ለመነሳት የተሻለ ዕድል ይሰጣል። በዕቅዱ መሠረት ማረፊያው በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ ደግሞ በአራት መንደርደሪያዎች 110 ሚሊዮን መንገደኞችን ያስተናግዳል፤ ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል፤ ሥራ ይጀምራል የተባለውም እ.ኤ.አ. በ2030 ነው።

አሳሳቢው ነጥብ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንደተገለጸው ዓለም አቀፉ በረራ ወደ ቢሾፍቱ ሲዛወር ቦሌ በዋናነት የአገር ውስጥ በረራ ማዕከል ሆኖ ይቀጥላል፣ ሁለቱም በፈጣን ባቡር ይገናኛሉ። በወረቀት ላይ ይህ ክፍፍል ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ የዓለም ተሞክሮ ግን ሌላ ይላል። የካናዳዋ ሞንትሪያል እ.ኤ.አ. በ1975 የሚራቤልን ማረፊያ ስትከፍት ከአሜሪካ በስተቀር የውጭ በረራዎች ወደዚያ እንዲሄዱ አስገድዳ የአገር ውስጡን በቀድሞው በዶርቫል አስቀረች። ሁለቱን ያገናኛል የተባለው ፈጣን ባቡር ሳይሠራ ቀረ፤ መንገደኞችም በሁለት ማረፊያዎች መካከል ሻንጣ እየጎተቱ መንከራተቱን ጠልተው በቶሮንቶ በኩል መጓዝን መረጡ። የውጭ በረራው እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ዶርቫል መመለስ ጀመረ፣ በ2004 ሚራቤል የመጨረሻውን የመንገደኛ በረራ ሸኘ፣ ተርሚናሉም ከዓመታት በኋላ ፈረሰ። ለዚህ ሥራ ከእርሻቸው የተነሱት ገበሬዎች የከፈሉት ዋጋ በከንቱ መቅረቱ ከሁሉም ይከብዳል፤ በአቡሴራ ወደ 2,500 የሚጠጉ አባወራዎች ለልማቱ መነሳታቸው ሲታሰብ፣ የማረፊያውን አሠራር በሚገባ ማቀድ ለእነርሱም የሚከፈል ዕዳ ነው። ቶኪዮም እ.ኤ.አ. በ1978 የውጭ በረራዋን ወደ ናሪታ ወስዳ የአገር ውስጡን በሃኔዳ ካስቀረች በኋላ፣ በ2010 ለሃኔዳ አዲስ ዓለም አቀፍ ተርሚናል ከፍታለች።

ለጎንደር ሽግግሩ የምቾት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በየብስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በአውሮፕላን ግን መንገዱ የአንድ ሰዓት ያህል ነው። ከአውሮፓ ሌሊቱን በርሮ ማለዳ ቦሌ የሚያርፍ ጎብኚ በዚያው ጠዋት ጎንደር ገብቶ ከሰዓት በኋላ የፋሲልን ግንብ ማየት ይችላል፣ በማግስቱም ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይቀጥላል። በሁለቱ በረራዎች መካከል የ40 ኪሎ ሜትር ጉዞ፣ ሁለተኛ ፍተሻና ሻንጣን እንደገና ማስመዝገብ ቢገባ፣ ጎብኚው አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ማደር ሊኖርበት ይችላል፤ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ያችን ሌሊት የሚቀንሰው ከጎንደር ወይም ከላሊበላ ቆይታው ነው። ከዚህም በላይ ሊታሰቡ የሚገባቸው፣ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ቴል አቪቭ የሚጓዙ አረጋውያን ወላጆች ናቸው። በርበሬና ሽሮ የያዘ ሻንጣቸውን አዘዞ አስረክበው መድረሻቸው ላይ መረከብ ይችሉ የነበሩ እናት፣ በማያውቁት ከተማ ከአንድ ማረፊያ ወደ ሌላው ሻንጣ ይዘው እንዲሻገሩ መጠየቅ ትልቅ ሸክም ነው፤ የጎንደር የጉዞ ወኪሎችም ከወዲሁ ሊሟገቱላቸው የሚገባው ለእነዚህ መንገደኞች ነው።

እርግጥ የአገር ውስጡን በረራ በሙሉ ወደ ቢሾፍቱ መውሰድም መፍትሔ አይሆንም፤ ከጎንደር ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወይም ለንግድ አዲስ አበባ የሚሄደው ሰው የሚፈልገው ቦሌን ነው። በረራዎቹን ለሁለት መክፈል ደግሞ የራሱ ችግር አለው፤ በአዘዞ መስመር የሚሠሩት ኪው 400 የተሰኙት የፕሮፔለር አውሮፕላኖች የሚይዙት ከሰባ ሰው ብዙም የማይበልጥ ቢሆንም፣ መንገደኛው ለሁለት ሲከፈል እነሱንም መሙላት ይከብዳል፣ ያልሞላ በረራም መታጠፉ አይቀርም። ሆኖም ትላልቅ መናኸሪያ ማረፊያዎች የሚሠሩት በዙር ነው፤ ማለትም ብዙ አውሮፕላኖች በተቀራረበ ሰዓት ገብተው መንገደኛ ከተለዋወጡ በኋላ በተቀራረበ ሰዓት ይወጣሉ። ስለዚህ ከእነዚህ ዙሮች ጋር የሚገጥሙት የጠዋትና የማታ በረራዎች ጎንደርን፣ ባሕር ዳርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በቀጥታ ከቢሾፍቱ ቢያገናኙ፣ የቀኑ መካከል ደግሞ ለቦሌ ቢተው፣ ሁለቱም መንገደኞች ሊስተናገዱ ይችላሉ። ባቡሩም ቢሆን ከተርሚናሉ ጋር በአንድ ቀን ሥራ ካልጀመረና ሻንጣን ከቦሌ እስከ መጨረሻው መድረሻ ካላስተላለፈ የሽግግሩን ችግር አይፈታም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ መንገደኞች በአዲሱ ተርሚናል የሚመድበው አዳራሽ ስፋት በበረራ ዕቅዱ የሚወሰን እንጂ ሕንጻው ካለቀ በኋላ በቀላሉ የሚስተካከል አይደለም። በመሆኑም የጎንደር ከተማ አስተዳደር፣ የአማራ ክልል የባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ የሆቴልና የጉዞ ባለሙያዎች የአዘዞን የጠዋትና የማታ በረራ በተመለከተ ጥያቄያቸውን በጽሑፍና በአንድነት ዛሬውኑ ለአየር መንገዱ ሊያቀርቡ ይገባል።