በገመድ የታሰረው በር

በብዙ ቤቶች ውስጥ እንግዳ ሲመጣ የሚነገር አንድ ማስጠንቀቂያ አይጠፋም። “ያን ወንበር ተወው፤ እግሩ ይነቃነቃል” ይባላል። “በሩን ስትዘጊ ትንሽ ወደ ላይ አንሺው” ይባላል። የቤቱ ሰዎች ነገሩን ከመልመዳቸው የተነሣ ብልሽት መሆኑን ረስተውታል፤ የሚገረመው እንግዳው ብቻ ነው።

ውድ አንባብያን! የዛሬው ጽሑፋችንም እንዲህ ባለ የተለመደ ብልሽት ላይ ያተኮረ ነው። ብልሽቱ የነበረው ግን ልጆቻችንን ጭነን በምንጓዝባት መኪና በሮች ላይ ነው። ክፍል ገብተን ተማሪዎቻችንን “ከስህተት ተማሩ” ስንል የምንውል መምህራን ነንና የራሳችንን ቤት ስህተት ሳንሸፋፍን ማቅረቡን መረጥን።

አራት በር፣ አራት ብልሃት

መኪናዋ አባታችን ከጡረታ በፊት ካጠራቀሙት ገንዘብ ላይ የታላቅ ወንድማችንን እርዳታ ጨምረው የገዟት፣ ስምንት ሰው የምትይዝ የቤተሰብ ሚኒባስ ናት። ወደ ቤታችን ስትመጣ ከ20 ዓመት በላይ አገልግላ ነበር። ሞተሯ ግን ጠንካራ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ እናታችንን ሐኪም ቤት ትወስዳለች፤ ለሠርግም ለለቅሶም ጎረቤት ይሳፈርባታል። ለዓረፋ ደግሞ ሁላችንንም ይዛ ወደ ቡታጅራ፣ አያታችን ዘንድ ትወርዳለች።

መጀመሪያ የተሰበረው የሾፌሩ በር የውጭ እጀታ ነበር። አባታችን መስኮቱን ዝቅ አድርገው በመተው፣ እጃቸውን አስገብተው ከውስጥ መክፈት ጀመሩ። ቀጥሎ የጋቢናው በር ከውስጥ አልከፈት አለ፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ከውጭ እስኪከፈትለት መጠበቅ ግዴታው ሆነ። የኋላው በር በካቻቢቴ ካልተነካካ አይነሣም። በሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው የጎን በር ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ካልተወረወረ አይገጥምም፤ ከገጠመም በኋላ መንገዱን ሙሉ ይንቀጫቀጫል። ለእርሱ መላ የፈጠረለት ወንድማችን ነው፤ ከበሩ የውስጥ እጀታ እስከ ፊተኛው ወንበር እግር ድረስ የናይለን ገመድ አሰረበት።

ከዚያ በኋላ ጋራዥ መሄዱ ቀረና ልጆቹን ማስተማር ያዝን። መጀመሪያ ግፉ፣ ከዚያ ወርውሩ፣ በመጨረሻም ቋጥሩ አልናቸው። የስድስት ዓመቱ የወንድማችን ልጅ የገመዱን አስተሳሰር ከሁሉም ቀድሞ ቻለበት። “የመኪናችን ረዳት” ብለን ስም አወጣንለት። ሳቅንም። አሁን ስናስበው ያ ሣቅ ያሳፍረናል፤ አንድን ሕፃን አደጋን እንደ ጨዋታ እንዲለምድ ያስተማርነው እኛው ነበርንና።

ቲያ አቅራቢያ

በአንድ የዓረፋ ዋዜማ ማልደን ተነሣን። ዕቃው ብዙ፣ ሰውም ሙሉ ነበር። ዓለም ገናን አልፈን ቲያ ልንደርስ ስንቃረብ መኪናዋ በጥምዝ መንገድ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ወጣች። ያን ጊዜ የጎን በሩ “ቋ” አለና በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ገመዱ ተፈትቶ ነበር። ነፋስና አቧራ ገባ፤ ለአያታችን የተገዛው ልብስ ያለበት ዘንቢል አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ልጁ በሩን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ታናሽ እህታችን የሹራቡን አንገት ባትይዘው ኖሮ ከዘንቢሉ ጋር ይወድቅ ነበር።

አባታችን መኪናዋን ዳር አስያዙ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ልጁ አላለቀሰም። እህታችን እቅፍ ውስጥ ሆኖ ገመዱን ሲያይ ቆየና፣ “አባባ፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ። አጥብቄ አላሰርኩትም መሰለኝ፤ ይቅርታ” አለ።

አባታችን ወርደው አጠገቡ ቆሙ። “አንተ አይደለህም ልጄ፤ እኛ ነን” አሉት። የቀረውን መንገድ በሩ ሥር የተቀመጡት እርሳቸው ናቸው፤ መሪውን ወንድማችን ያዘ። ከዚያ እስከ ቡታጅራ በጣም በዝግታ ተጓዝን።

በሩን የሚይዘው ምንድን ነው?

ከበዓሉ መልስ መኪናዋን የሰፈሩ ሰው ሁሉ “ሐጂ” ወደሚላቸው አንጋፋ መካኒክ ወሰድናት። ሐጂ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ገመዱን በቢላዋ መቁረጥ ነው። “ይህን ያሰረ ሰው በሩን አላሠራም፤ በሩን መፍራት አቆመ እንጂ” አሉን። ከዚያም የበሩን መቆለፊያ፣ በጋራዥ ቋንቋ ሰራቱራውን ፈትተው አሳዩን።

ነገሩ ቀላል ነው። በሰራቱራው ውስጥ እንደ ሹካ አፉ የተከፈተ፣ መዞር የሚችል ብረት አለ። በመኪናዋ አካል ላይ ደግሞ በብሎን የታሰረ ወፍራም ዘንግ አለ። በሩ ሲዘጋ ዘንጉ ሹካው አፍ ውስጥ ገብቶ ያዞረዋል። ሌላ ትንሽ ብረት በሞላ እየተገፋ ሹካው ተመልሶ እንዳይዞር ያግደዋል። እጀታውን ስንስብ ደግሞ አጋጁ ብረት በሽቦ ወይም በቀጭን ዘንግ ይሳብና ሹካውን ይለቀዋል። በሩን በጉዞ ላይ የሚይዝልን እንግዲህ ይኸው አንድ ጣት የማታክል ብረት ናት።

ሐጂ ሹካውን በካቻቢቴ ገፋ ሲያደርጉት “ቀጭ” አለ። ደግመው ሲገፉት ሁለተኛ “ቀጭ” አለ። “ሁለት ማረፊያ አለው” አሉን፤ “የመጀመሪያው ገርበብ ያለ በር በድንገት ወለል እንዳይል የሚይዝ ነው። ሁለተኛው ነው ትክክለኛው መዘጋት። የእናንተ በር ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ በመጀመሪያው ላይ ብቻ ቆሞ ሄዷል።”

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የሚሠራበት የተሽከርካሪ በሮች ደንብ በማጠፊያ የሚከፈት የጎን በር መቆለፊያ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ 11,000 ኒውተን፣ በመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ሲሆን ደግሞ ወደ 4,500 ኒውተን ጉልበት እንዲችል ያዛል። በክብደት ብናስበው የመጀመሪያው ወደ 1,100 ኪሎ፣ ሁለተኛው ወደ 450 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህም አዲስና ጤነኛ መቆለፊያ ላይ ነው። ገርበብ ያለ በር አቅሙ ከግማሽ በታች ከሆነ፣ የእኛ ያረጀውና አቧራ የበላው በር ምን ያህል አቅም ነበረው?

የእኛው በር በሽታ ሦስት ነበር። አንደኛ፣ የሰራቱራው ግሪስ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ደርቋል፤ ሞላውም አጋጁን ብረት መግፋት አቅቶታል። ሁለተኛ፣ በሩ በሐዲዱ ላይ የሚሽከረከርባቸው ኩሽኔታዎች ስላለቁ በሩ ወደ ታች ወርዷል፤ ስለዚህ ሹካው ዘንጉን በትክክል አያገኘውም። እኛ በኃይል በወረወርነው ቁጥር ደግሞ ይበልጥ አጣመምነው። ሦስተኛ፣ የእጀታው ሽቦ ላልቷል።

ስለተሰበረው የሾፌር እጀታም ሐጂ የነገሩን ነገር ለብዙዎች ይጠቅማል ብለን እናምናለን። እጀታ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ አይሰበርም። ሰራቱራው ሲደርቅ እጀታው ይከብዳል፤ ሰውም በጉልበት ይስበዋል፤ በመጨረሻ ፕላስቲኩ ይሰበራል። ሰራቱራውን ሳያጸዳ እጀታ ብቻ የሚቀይር ሰው ብዙም ሳይቆይ ሌላ እጀታ ይገዛል። የጋቢናው በር ከውስጥ ያልከፈተው ደግሞ ቀጭኑን ዘንግ የምትይዝ ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ወልቃ ነው። ስንት ወር ሰው ያሰርንባት ዕቃ ከጥፍር አትበልጥም ነበር!

ትልልቆቹ ፋብሪካዎችስ?

ይህ የድሃ አገርና ያረጀ መኪና ችግር ብቻ ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። አይደለም። የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ የቤተሰብ ሚኒቫን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የመኪኖቹ የኋላ በር መቆለፊያ በግጭት ጊዜ እየተከፈተ ሰዎች ወደ ውጭ እየተወረወሩ ሕይወታቸው እንዳለፈ በመንግሥት ምርመራ ተነሣ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1995 ከ1984 እስከ 1995 ሞዴል ባሉት ከ4 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ላይ መቆለፊያውን በነፃ ለመቀየር ተስማማ።

ቶዮታም እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2016 ከ2011 እስከ 2016 ሞዴል የሆኑ ወደ 834,000 የሚጠጉ ሲየና ሚኒቫኖችን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ተንሸራታች በር በጉዞ ላይ ሊከፈት ይችላል የሚል ሥጋት ነበር።

እነዚህ ባለ መኪኖች ደብዳቤ ደርሷቸው ተጠርተዋል። ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለችና በብዙ እጅ ያለፈች መኪና የያዘ ቤተሰብን ግን ማን ይጠራዋል? ራሱን መጥራት ያለበት ራሱ ነው። እኛን የጠራን የሕፃን ሹራብ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ምን እናድርግ?

ከሐጂ የተማርነውንና በእጃችን የሞከርነውን እንደሚከተለው አጠር አድርገን እናቀርባለን።

1. መኪናው ቆሞ ሞተሩ እንደጠፋ እያንዳንዱን በር ከውስጥም ከውጭም ክፈቱ፤ ዝጉ። ከውስጥ የማይከፈት በር ከማይዘጋው አያንስም። ግጭት ወይም እሳት ቢደርስ ከውጭ የሚከፍት ሰው ላይኖር ይችላል። ከመጠገን በፊት ግን በሩ ጠርዝ ላይ ያለውን የሕፃናት መቆለፊያ ተመልከቱ፤ እርሱ ተቆልፎ ከሆነ በሩ ከውስጥ አለመከፈቱ ብልሽት አይደለም።

2. በሩ ክፍት እንዳለ ሹካውን በካቻቢቴ ግፉትና ሁለቱን ድምፅ አዳምጡ። ከዚያ እጀታውን ስባችሁ ሹካው ወዲያው መመለሱን እዩ። ሳትመልሱት በሩን እንዳትዘጉ፤ ሹካው ዘንጉን ይመታዋል።

3. የደረቀውን ግሪስ ከእሳት ርቃችሁ በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጽዱና አዲስ ግሪስ በስሱ ቀቡ። የምግብ ዘይት አታፍስሱ፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይይዛል።

4. በሩን ግማሽ ከፍታችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተንቀጫቀጨ ማጠፊያው ወይም ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ያን ሳያስተካክሉ ሰራቱራ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

5. መርካቶ ሶማሌ ተራ ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የቀኝና የግራው ይለያያል። ያገለገለ ሰራቱራ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው በካቻቢቴ ሞክሩት።

6. ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ በዚያ በር በኩል ሰው አይቀመጥ፤ ሕፃን ደግሞ በጭራሽ። የመቀመጫ ቀበቶውንም ከወንበሩ ሥር ፈልጋችሁ አውጡት። በር ቢከፈት ሰውን የሚያስቀረው እርሱ ነው፤ የእኛዎቹ ግን ከዘንቢሎቹ ሥር ተቀብረው ነበር።

ከሐጂ ጋራዥ ሥራው በሁለት ቀን አለቀ። አንድ ያገለገለ ሰራቱራ፣ ሁለት እጀታ፣ የሐዲዱ ኩሽኔታዎች፣ አንድ ሽቦ፣ አንዲት የፕላስቲክ መያዣ፤ የእጅ ዋጋውን ጨምረን ብናሰላው ከአንድ የዓረፋ በግ ዋጋ አልበለጠም። ይህን ያህል ጊዜ ያዘገየን እንግዲህ ገንዘብ ማጣት አልነበረም፤ ብልሃት ማግኘታችን ነው። ብልሃት ስናገኝ ችግሩ የተወገደ ይመስለናል፤ ሸክሙ ግን ከብረቱ ወደ ሰው፣ በእኛ ቤት ደግሞ ወደ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ጣቶች ተዛውሮ ነበር።

ልጁ ለተወሰነ ጊዜ በሩ አጠገብ መቀመጥ እምቢ አለ። አላስገደድነውም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ራሱ በሩን በአንድ እጁ ሳበው። በሩ ተንሸራትቶ ገጠመ። ልጁ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ አዳመጠና ወደ አባታችን ዞሮ፣ “ሁለት ጊዜ አለ” አላቸው። አባታችንም ሞተሩን አስነሡ።

ውድ አንባብያን፣ የእናንተስ መኪና? ነገ ጠዋት እንግዳ ቢሳፈር “ተጠንቀቅ፣ እርሱን በር እንዲህ አድርገህ ነው” የምትሉት በር ካለ፣ ያን ቃል ለእንግዳው ከመናገራችሁ በፊት ለመካኒኩ ንገሩት።