ክብ ሌንስ፣ አራት ማዕዘን ሴንሰር፦ ቅርጹ ለፊደላችን ምን ለውጥ ያመጣል?

እዚህ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ለምንኖር ሐበሾች ዋናው ስካነር ስልክ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከአገር ቤት የመጣ የትምህርት ማስረጃ፣ የዕድር ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉም ፎቶ ይነሳና በቴሌግራም ይላካል። እኔም እንዲህ ያሉ የአማርኛ ወረቀቶችን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ትንሽ አፕ በትርፍ ጊዜዬ እሠራለሁ። በሥራው ውስጥ ብዙ ሰዓት የወሰደብኝ ጉዳይ የካሜራው ሴንሰር ቅርጽ ነው። ዛሬ የማወራችሁም ስለሱ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ሌንስ ክብ ነው፤ የሚጥለው ምስልም ክብ ነው። ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ግን አራት ማዕዘን ነው። በክቡ ውስጥ ጥግ ለጥግ የሚገጥም አራት ማዕዘን ስታስገቡ ከክቡ ስፋት ምን ያህሉን እንደምትጠቀሙ በቀላል ሒሳብ ይወጣል፦ ጎኖቹ እኩል ከሆኑ 64 በመቶ ገደማ፣ 4 ለ 3 ከሆነ 61፣ 3 ለ 2 ከሆነ 59፣ 16 ለ 9 ከሆነ 54 በመቶ። የቀረው ብርሃን ባዶ ቦታ ላይ ይወድቃል። ታዲያ ለምን ክብ ሴንሰር አይሠሩም?

መልሱ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። በብሉሚንግተን፣ ከሞል ኦፍ አሜሪካ ብዙም ሳይርቅ፣ ስካይዋተር የሚባል የቺፕ ፋብሪካ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሳይፕረስ ሴሚኮንዳክተር ተለይቶ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዴቨሎፐር ከሆናችሁ ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል፤ በ2020 ከጉግል ጋር ሆኖ የ130 ናኖሜትር የዲዛይን ሰነዱን ለማንም ክፍት ያደረገው እሱ ነው። ቺፖቹን የሚያትመው 200 ሚሊሜትር ወርድ ባላቸው ዌፈሮች ላይ ነው። ዌፈር ማለት ስስ፣ ክብ የሲሊከን ዝርግ ነው። ቺፖቹ ከታተሙ በኋላ ዌፈሩ ከዳር እስከ ዳር በቀጥታ መስመር ይቆረጣል።

እንጀራን አስቡት። ቢላችሁ ቀጥ ብሎ ብቻ የሚሄድ ከሆነ እኩል አራት ማዕዘኖች እየቆረጣችሁ ትሄዳላችሁ፤ የሚባክነው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። ክብ ክብ አድርጋችሁ ልቁረጥ ብትሉ ግን በየክቡ መካከልም ፍርፋሪ ይቀራል፤ ቢላውም እየዞረ መሄድ አለበት። አራት ማዕዘንም ቢሆን ዳሩ ላይ ያስከፍላል። ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። የ200 ሚሊሜትሩን ዌፈር ስፋት ለዚህ ብናካፍል 36 ሴንሰር ይደርሰናል። ረድፍ በረድፍ ስደረድራቸው ግን የገቡልኝ 29 ናቸው። ትልልቅ ሴንሰር ያላቸው ካሜራዎች ለምን እንደሚወደዱ ከዚህ ትንሽ ትረዳላችሁ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኛ ለፕሮግራመሮች ይህ ይበልጥ ቅርብ ነው። ፒክሴሎች የሚነበቡት ረድፍ በረድፍ ነው፤ ፋይሉም፣ ማህደረ ትውስታውም፣ ስክሪኑም ረድፍና ዓምድ ነው። ስቲቨን ሳሰን በ1975 ኮዳክ ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 100 ረድፍና 100 ዓምድ ነበረው፤ በድምሩ 10,000 ነጥብ።

ሳሰን 100 በ100 ከተጠቀመ የዛሬው 4 ለ 3 ከየት መጣ? ከፊልም። በ1890ዎቹ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ ዲክሰን የ35 ሚሊሜትር የሲኒማ ፊልምን ሲያበጅ የአንዱ ምስል መጠን በግምት 24 በ18 ሆነ፤ ይህ 4 ለ 3 ነው። ቴሌቪዥን ወረሰው፣ ከዚያ የኮምፒውተር ስክሪን፣ ከዚያ የስልክ ሴንሰር። ኦስካር ባርናክ ደግሞ ያንኑ ፊልም አግድም አድርጎ ሁለት ምስል የሚይዘውን ቦታ ለአንድ ፎቶ ሰጠው፤ 36 በ24። ላይካ በ1925 ገበያ ላይ ሲወጣ 3 ለ 2 አብሮት ወጣ፤ እስከ ዛሬም ትልልቆቹ ካሜራዎች ላይ አለ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አገር ቤት የምንጠቀመው ኤ4 ነው፤ ረጅሙ ጎን ለአጭሩ ሲካፈል 1.414፣ ማለትም የ2 ካሬ ሥር። 4 ለ 3 1.333 ነው፤ 3 ለ 2 ደግሞ 1.5። ሁለቱን አባዙ፦ 4/3 ሲባዛ በ3/2 ልክ 2 ይሆናል። ስለዚህ ኤ4 በሁለቱ የሴንሰር ቅርጾች መካከል ቁጭ ብሏል፤ በአንዱም በሌላውም ብታነሱት ከሴንሰሩ 94 በመቶ ይሞላል። ይህን ሳገኝ ለብቻዬ ሳቅሁ። የአሜሪካው ሌተር ወረቀት (8.5 በ11 ኢንች) 1.294 ስለሆነ ወደ 4 ለ 3 ይጠጋል፤ 97 በመቶ ይሞላል። ለወሬ ያህል፦ በ1980ዎቹ እዚሁ በሚኒያፖሊስ አካባቢ በሃኒዌል ቤተ ሙከራ የተፈለሰፈው፣ ማቀዝቀዣ የማይፈልገው የሙቀት ካሜራ ሴንሰር 336 በ240 ነበር። ይህ 1.4 ነው፤ ለኤ4 ከሁሉም የቀረበ ቅርጽ። ግን የሚያየው ሙቀት ስለሆነ ቀለም አያነብልንም።

ብዙ ስልኮች የሚሰጡት የ12 ሜጋፒክሴል ፎቶ 4000 በ3000 ያህል ነው። ሌተር ወረቀት በደንብ ሞልታችሁ ብታነሱ በአንድ ኢንች 353 ፒክሴል ይደርሳል፤ ኤ4 ከሆነ 342። አማርኛም የሚያነበው ነፃ ፕሮግራም ቴሰራክት ቢያንስ 300 እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ አልፈናል። የካሜራውን አፕ ወደ 16 ለ 9 ስትቀይሩ ግን ሴንሰሩ አይሰፋም፤ ከጎንና ከጎኑ ተቆርጦ 4000 በ2250 ይቀራል። ሌተሩ ወደ 265 ይወርዳል። 1 ለ 1 ከመረጣችሁም 273 ነው። ሁለቱም ከሴንሰሩ ሩቡን ይጥላሉ፤ ሁለቱም ከ300 በታች ናቸው።

ለእንግሊዝኛ ይህ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። የኛ ፊደል ግን ልዩነቱን የሚይዘው በትንንሽ ጭረት ነው። ቁ ጭረቷ ከእግሯ መሃል ላይ ነው፣ ቂ ከእግሯ ግርጌ። ያች ጭረት ከወረቀቱ እጥፋት ጋር ስትደበላለቅ አቶ ወርቁ «ወርቂ» ሆነው ይወጣሉ። ወረቀቱ ለመሥሪያ ቤት የሚቀርብ ከሆነ የአባት ስም መለወጥ ቀላል ነገር አይደለም።

አፕ ለምትሠሩ ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ፤ ፋይሉን ብቻ ካያችሁ አታገኙትም። የዛሬ ስልክ ስክሪን ረጅም ነው፣ ብዙው 20 ለ 9 ገደማ። በአንድሮይድ ካሜራኤክስ ላይ ፕሪቪውቪው ምንም ካልነካችሁት ስክሪኑን ለመሙላት ሲል የምስሉን ጎኖች ይደብቃል። ስልኩን ያቆመ ሰው የሚያየው ከ3000ው ፒክሴል ወርድ 1800ውን ብቻ ነው። ወረቀቱ ሙሉ እንዲታየው ስልኩን ወደ ላይ ያርቃል። የሚቀመጠው ፋይል ሙሉ 12 ሜጋፒክሴል ነው፤ ወረቀቱ ግን መሃል ላይ ጠቦ በኢንች 212 ፒክሴል ብቻ ይዟል። የቀረው የጠረጴዛ ፎቶ ነው። ዕድራችን ውስጥ ከሰዎች የመጡልኝን ፎቶዎች ስመለከት ይህን ደጋግሜ አየሁት፤ ዙሪያው ሁሉ የምግብ ጠረጴዛ ጨርቅ ነው።

መፍትሔው ሁለት መስመር ኮድ ነው። ለምስል ማንሻውም ለፕሪቪውም ሬሾ 4 ለ 3ን ምረጡ፤ የፕሪቪውቪውን አቀራረብ ደግሞ ከፊል ሴንተር ወደ ፊት ሴንተር ቀይሩ። ስክሪኑ ላይ ከላይና ከታች ጥቁር ቦታ ይወጣል። አንዳንድ ተጠቃሚ «አፑ ስክሪኑን አይሞላም» ብሎ ያማርራል፤ እኔ ያን ጥቁር ቦታ በመመሪያ ሞልቼዋለሁ፦ «ወረቀቱን እስከ ዳር ያስጠጉ» የሚል። ኮድ የማትጽፉ ከሆነ ደግሞ የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ 4 ለ 3 መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ የእናትን የልደት ወረቀት አንሱ።