ባትሪው ከመወንጀሉ በፊት ገመዱ ይመርመር



ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ ቦረና፥ ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሁሉ የወሎን ደጋ ብርድ በሰውነቱ ያውቀዋል። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ወርዶ ዓባይ ሸለቆ ሲደርስ ደግሞ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። ብዙ ዘመን ያገለገለች የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ በዚህ ውርጭና ሐሩር፥ በአቧራና በመንገጫገጭ መካከል ስትመላለስ፥ ከሚጎዱባት ዕቃዎች አንዱ ማንም የማያስታውሰው የባትሪ ገመድ ነው።

ጧት ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም ይላል፤ የፊት መብራቱ ግን ይበራል። ወዲያው ባትሪው ሞቷል ተብሎ ይፈረድበታል፤ የግዥ መጠየቂያ ይጻፋል፤ አዲስ ባትሪ ይገባል። ጥፋቱ የገመዱ ከሆነ ግን ያው ችግር ይመለሳል። ፒክአፕዋ የምትጠበቀው ክትባት ወይም ምርጥ ዘር ለማድረስ እንደ ሆነ፥ የሚቀረው የአንድ ሹፌር ጉዞ ብቻ አይደለም።

መብራት ጥቂት አምፔር ይበቃዋል። የናፍጣ ሞተር የሚያዞር ሞተሪኖ ግን በመቶ የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ይስባል። ገመዱ በአሲድ ተበልቶ የኦም አንድ መቶኛ ብቻ የሚሆን መሰናክል ቢያበጅ፥ 200 አምፔር ሲያልፍበት 2 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ከ12 ቮልት ላይ ይህን ያህል መጉደሉ ቀላል ነገር አይደለም። ይልቁንም በብርድ ጊዜ የባትሪው ጉልበት ስለሚቀንስና የሞተሩ ዘይት ስለሚወፍር ጉዳቱ ይብሳል።

እንግዲህ ኮፈኑ ተከፍቶ ገመዱ ይታይ። ራሱ ላይ ነጭ ዱቄት ብቻ ቢገኝ፥ ገመዱ ከባትሪው ከተፈታ በኋላ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ታጥቦ ይጠራል። አረንጓዴው ዝገት ከልባሱ ሥር ከገባ፥ ወይም ልባሱ ካበጠና ከተሰነጠቀ ግን መፋቅ አይበቃም፤ ገመዱ መለወጥ አለበት። ቮልት መለኪያ ያለው ሰው አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዚቲቭ ራስ፥ ሁለተኛውን ገመዱ በሚያርፍበት በሞተሪኖው ብሎን ላይ አድርጎ ሞተሩ ሲዞር ይለካ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ በመካከል ነው።

ሲለወጥ አስቀድሞ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታል፤ ቀጥሎም ፖዚቲቩ። ሲታሰር በተቃራኒው፥ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይሆናል። ይህ ሥርዓት ቢፈርስና የብሎን መፍቻው ከፖዚቲቩ ጋር የመኪናውን ብረት ቢነካ ብርቱ ብልጭታ ይነሣል፤ ባትሪው የሚያወጣው የሃይድሮጅን ጋዝም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ዐይንን መሸፈን ያስፈልጋል። አዲሱ ገመድ ከፊተኛው መቅጠን አይገባውም፤ ከጭስ ማውጫውም ርቆ ይታሰር። ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ብቻ ሳይሆን የሚመለስበትም መንገድ ስላለው፥ ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል የተዘረጋው ገመድም አብሮ ይመርመር።

የንብረትና የስምሪት ኃላፊዎች የባትሪ መግዣ ላይ ከመፈረማቸው በፊት «ገመዱስ ታይቷልን?» ብለው ቢጠይቁ የመንግሥት ገንዘብ ይድናል፤ ሥራም አይስተጓጐልም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።