«ነው» እና «ነበር»

ስድስት ኪሎ ስማር ሜጀሬ አማርኛ፣ ማይነሬ ሳይኮሎጂ ነበር። ማይነሩን የያዝኩት ክሬዲት ለማሟላት ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ ስቆም ግን ቀድሞ የሚደርስልኝ እሱ ነው።

አራዳ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ሲፈርስ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ዓመቱን እዚሁ ለመጨረስ ሲሉ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተው ሁለት ታክሲ እየያዙ የሚመጡ ነበሩ። ሚያዝያ ላይ «ሰፈሬ» በሚል ርዕስ ድርሰት አጻፍኩ። የአንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ቤታችን ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ነው። ቦኖው ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ነው። እናቴ በር ላይ ቡና ታፈላለች።»

ቤቱ ከፈረሰ ወር አልፎታል።

ቀይ እስክሪብቶዬ «ነው» ላይ አረፈ። ሜጀሬ «ነበር» አድርገው ይለኛል፤ የጊዜ ስሕተት ነው፣ ማርክ ያስቀንሳል። እጄን የያዘው ማይነሬ ነው። ማርክ ፍሪድ የተባለ ሳይኮሎጂስት ቦስተን ውስጥ ዌስት ኤንድ የሚባል ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ የተነሡ ሰዎችን አጥንቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጽሑፍ በነዋሪዎቹ ላይ ያየውን ስሜት ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ሐዘን ነው ያለው፣ ሰው ሲሞት እንደሚታዘነው ያለ። እኛም ለቅሶ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ሐዘንተኛ «አባቴ እንዲህ ይላል» ሲል «ይል ነበር» ብሎ የሚያርመው ሰው አላየሁም።

በእረፍት ሰዓት ልጁን ጠራሁት። «ቦኖው ጋ ወደ ግራ ታጠፍን፤ ከዚያስ?»

ወረቀቱን ገልብጦ መሣል ጀመረ። የማን በር የት እንደሆነ፣ ክረምት ላይ ውኃ የሚቋጥረው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ውሻው የሚተኛበት ደረጃ ሳይቀር። ደወል ሲደወል ገና አልጨረሰም። «ቲቸር፣ ነገ ልጨርሰው?» አለኝ። በማግስቱ ጨርሶ አመጣው። ከሥሩ በራሱ እጅ «ነበር» ብሎ ጽፎበታል።

እኔ ለክሬዲት ብዬ የያዝኩትን ሳይኮሎጂ ዛሬ ብዙዎች ይቀምሱታል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጄኔራል ሳይኮሎጂን በጋራ ኮርስነት ይወስዳሉ። እናንተ ነገ መምህር፣ ነርስ፣ የወረዳ ሠራተኛ የምትሆኑ ልጆች፣ ፈተናው ሲያልቅ የኮርሱን ሞጁል አትጣሉት።